የሆሳዕናው ቀለበት

የልጆቼ አባት፣ ወርቅነህ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። በሞት ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነን። ያን ጊዜ ሰሊጡ ገና ከመሬት ብቅ እያለ ነበር፤ አሁን መንደራችን ኮኪት በሐሩር ነዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ዶሮዋም ከጥላ አትወጣም።

ቤታችን ደህና ነው። ይበልጣል አራት ዓመት ሞላው፤ ሱሪውን ራሱ ይለብሳል፣ ገልብጦ ነው እንጂ። የትራክተር ድምፅ በሰማ ቁጥር አንተ የመጣህ እየመሰለው ሮጦ በሩ ላይ ይቆማል፤ እኔም አልከለክለውም። ትርሲት አንደኛ ክፍል ገብታ መጻፍ ጀምራለች። በግራ እጄ ካልጻፍሁ እያለች ግን እንደተጣላን ነን። ተያት ስትለኝ አልሰማህም ብዬ አልነበር? አሁንም በግራዋ ስትበላ ባየሁ ቁጥር እጇን መታ አደርጋታለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሆሳዕና ነው። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ፣ ዘንድሮም እንደ ልማዳቸው ከግቢያቸው የተምር ዛፍ ቅጠል ቆርጠው ቅዳሜ ላኩልን። እግዜር ይስጣቸው። ልጆቹ ቅጠሉን ሲያዩ ጣታቸውን ዘረጉልኝ፤ አባዬ እንደሚሠራው አርጊልን አሉኝ። ጉድ ፈላ! ያንተ ቀለበት እኮ እንደ ሰው ቀለበት አይደለም፤ አናቱ ላይ ትንሽ መስቀል አለው፣ ጫፉም የት እንደገባ አይታይም። ስንት ሆሳዕና ከጎንህ ተቀምጬ ሳይ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅሁህም። እኔ፣ የሰው ድስት ሳይቀር ከፍታ የምታየው ጎርጓሪ!

ሞከርሁ። ሳጥፈው ይፈታል፣ ሳጠብቀው ይበጠሳል። ይበልጣል የሠራሁትን አገላብጦ አየና ይሄ ትል ነው አለኝ።

አምና ለእኔ የሠራህልኝን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ከእጅህ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ካልፈታሁት ምሥጢሩን አላውቅም፤ ከፈታሁት ደግሞ መልሼ ላልሠራው ነው። ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለት ጊዜ መለስሁት። በመጨረሻ ውሃ ውስጥ ነከርሁት፤ ለስለስ ሲል እጥፉን አንድ በአንድ እያየሁ ፈታሁት። አለቀስሁ። እያለቀስሁም ግን ዓይኔ ከጫፉ አልተነሣም፤ ምን ላድርግ፣ ታውቀኝ የለ።

እጥፉ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። እኔ ወደ ቀኝ የማዞረውን አንተ ወደ ግራ አዙረኸዋል። ለካስ! ስፓናውን የምትይዝበትን እጅ እንዴት ረሳሁት? ካወቅሁ በኋላም እጄ እምቢ አለኝ።

ያኔ ትርሲት ቅጠሉን ከእጄ ወሰደችው። በግራዋ ያዘችና ድንገት ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዳልመታት ፈርታ ነው። ወርቅነህ፣ ያ አስተያየቷ አንጀቴን በላው። አይዞሽ አልኋት። አጠፈችው፣ አዞረችው፣ ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ጫፉን ሸሸገችው። ለወንድሟ አንድ፣ ለእኔ አንድ፣ ለራሷም አንድ ሠራች።

ያንተን አሮጌ ቅጠል ልትመልሰው ሞክራ ነበር፤ ተሰነጠቀ። እንደተዘረጋ መጽሐፉ ውስጥ መልሼ አስቀመጥሁት። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው ሦስታችንም ያንተን ቀለበት አድርገን ነው።

አልረሳህም። ስትለምነኝ እምቢ ያልሁህንም ዛሬ እሺ ብዬሃለሁ። ምሳ ላይ ትርሲት በግራዋ ቆርሳ ጎረሰች፤ እኔም ወጡን ወደ እሷ ጠጋ አደረግሁላት።

ባለቤትህ፣ አለምነሽ