ተራራው በማይታይበት ወራት

ውድ ባ፣

ባቡር ጣቢያ ሲሸኙኝ ያሉኝ «አትደውዪልኝ፤ አትምጪብኝም» ነው። አትጻፊልኝ አላሉኝም። ዓመት ሙሉ ይህን በሆዴ ይዤ ከርሜ ዛሬ ብዕር አነሳሁ። ከተቆጡም ይቆጡ፤ ቁጣዎም ናፍቆኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ቡጅ ከባቭናጋር ይልቅ ደረቅ ናት፤ የታጠበ ልብስ ገና ሲሰጣ ይደርቃል። ኬዩርም ደህና ነው። እዚህ ከተዛወረ በኋላም ያው ሥዕል ነው የሚያስተምረው፤ ያው ሸሚዙ ቀለም እንደነካው ወደ ቤት ይመጣል። እናቱ ራሚላቤን ትንሽ ኮስተር ያሉ ናቸው፣ ግን ክፉ አይደሉም። ስለ እሳቸው ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

አስቀድሜ ስለ ኔፓሉ መንገዳችን ልጻፍልዎ። አብረን ስለሄድን ሁሉን የሚያውቁት ይመስልዎት ይሆናል። በእኔ በኩል የነበረውን ግን አያውቁትም፤ ነግሬዎትም አላውቅ።

ታናሹ ልጅዎ፣ ባሌ ኒሜሽ፣ በዴንጊ ትኩሳት ከሞተ ሁለተኛው ክረምት ነበር። ትልቁ ልጅዎ ሂቴሽና ሚስቱ ጃግሩቲ ከታች፣ እርስዎና እኔ ከላይ እንኖር ነበር። ማንም ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ነገር ግን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ደረጃው ላይ ኮቴዬን ሲሰሙ ሬዲዮውን ይቀንሱት ነበር። ይስቁ ከነበረም ሳቁ ይቆማል። በነጩ የመበለት ሳሪዬ ሳልፍ ቤቱ በሙሉ ለቅሶ ቤት ይሆናል። እንዲህ ስኖር ስኖር፣ የሰው ሳቅ ማቋረጥ ሥራዬ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ምስር እየጨለፉ፣ «ኔፓል ልሄድ ነው» አሉ። «ለካትማንዱው አምላክ ለፓሹፓቲናት ስለት አለብኝ። ኬትኪ ዕቃ ትይዝልኛለች።»

የጃግሩቲ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። «በዚህ ክረምት? ባ፣ በዝናብ ተራራው አይታይም እኮ። መንገዱም ይናዳል።»

«ለዛ አይደል የረከሰው። ተራራው ሲታይ የሚሄዱት ሀብታሞች ናቸው።»

«ሰውስ ምን ይላል? መበለት አስከትለው ሽርሽር ሄዱ ይላል።»

«ሰው ትኬቴን ይቆርጥልኛል? ካልቆረጠልኝ አፉን ይያዝ» ብለው ምስሩን ጨመሩላት።

በርካሽ መጓዝን በተመለከተ ጃግሩቲም ብትሆን ከእርስዎ ጋር አትከራከርም። ሰፈሩ ሁሉ ደረጃችንን የሚወጣው ለዚያ አልነበር? ኮሎምቦ ያለች ልጇን ልታይ የምትሄደው የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ወደ ሃሪድዋር የሚሳለሙት ሽማግሌዎች፣ ለጫጉላቸው ቬትናምን የተመኙት ሙሽሮች፣ ሁሉም ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ እርስዎ ምስር እየለቀሙ ይመክራሉ። «ትኬት ቀድማችሁ ግዙ፤ የቸኮለ ሰው እጥፍ ይከፍላል። በዓሉ ሲያልፍ ሂዱ። ራብ ሲላችሁ ሹፌሮቹ የት እንደሚበሉ እዩ። መጀመሪያ የምታገኙት ሱቅ ዋጋ ለመስማት ነው እንጂ ለመግዛት አይደለም። መንገዱን ሌሊት ባቡር ላይ ተኝታችሁ ከገፋችሁት የአልጋ ዋጋ ተረፈላችሁ።» ሙሽሮቹ የመጨረሻውን ሲሰሙ ተያዩ። «እናንተ ግን አልጋ ያዙ» አሏቸው፤ ልጅቷ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ያን ቀን እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም።

ባቡራችን አህመዳባድን እንደለቀቀ ከጥቅልዎ ውስጥ አረንጓዴ ሳሪ አወጡ። የእኔው ነበር፤ ኒሜሽ ለዲዋሊ በዓል የገዛልኝ። የት ደብቀውት እንደኖሩ እንጃ።

«ነጩን ቀይሪው» አሉኝ።

«ባ፣ ምን ነካዎት?»

«የባቡር ቆሻሻ ነጭ ልብስ ይምራል? በየቀኑ ሳሙና ልገዛልሽ ነው? ቀይሪ፤ ወጪ አታብዢብኝ።»

በሚወዛወዘው ባቡር መጸዳጃ ቤት ግድግዳውን ተደግፌ ቀየርኩ። ስመለስ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ የአብሽ ቂጣውን ጋዜጣ ላይ እየዘረጉ ነበር። ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ሴት ግን «ደስ የሚል ቀለም ነው፤ ያምርብሻል» አለችኝ። ያምርብሻል ካሉኝ ስንት ጊዜው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቂጣዬን በላሁ። ነገሩ የሳሙና ጉዳይ አለመሆኑ ገብቶኝ ነበር፣ ባ። እንደገባኝ ግን አላሳየሁዎትም።

ድንበሩ ጋ ስንደርስ የታክሲ ሹፌሮች ከበቡን። አንዱ ጥቅላችንን ይዞ «እናቴ፣ ኔፓል ሩቅ ነው፤ ይግቡ» አለዎት።

«በሩ ያ የሚታየው አይደል?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«በዓይን የሚታይ ቦታ በታክሲ አይኬድም፣ ልጄ።»

ሹፌሩ ራሱ ስቆ ጥቅላችንን እስከ በሩ በነፃ ተሸከመልን። ለመታወቂያ የያዝነውን የምርጫ ካርድ አውጥተን ብንዘረጋም ወታደሩ በእጁ እለፉ አለን። በእግራችን ሌላ አገር ገባን። ማንነቴን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ምድር፣ በአረንጓዴ ሳሪ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ከኋላዎ ስከተል ልቤ ምን ያህል ቀልሎ እንደነበር ልነግርዎ አልችልም። ጥፋት የሠራሁ መስሎኝም ነበር።

ለቱሪስት የተዘጋጀውን አውቶቡስ ትተው ዶሮ የጫነውን መረጡ። ጃግሩቲ እንዳለችውም ዳገቱ መሃል ላይ መንገዱ ተንዶ ቆምን። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሲጋራውን ለኮሰ። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም እርስዎ ቂጣውን አውጥተው ከፊት እስከ ኋላ አደሉ፤ የመጨረሻውን ቁራሽ ለሹፌሩ ሰጡት። ዝናቡ ሲብስ ከመንገዱ በላይ ካለች ቤት አንዲት ሴት ወጥታ በእጇ ጠራችን። ዳንማያ ትባላለች። ባሏ ደልሂ ውስጥ ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ አብራው ኖራለች፤ ሂንዲ የምትናገረው ለዚያ ነው። በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ ሻይና የተቀቀለ በቆሎ ሰጠችን።

«ልጅዎ ናት?» ብላ ጠየቀችዎት።

«ናት።»

«ባሏስ?»

የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ሞቷል ይላሉ፣ ሴትዮዋ ከንፈሯን ትመጣለች፣ ከዚያ ዝም እንባባላለን። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«የመጀመሪያው ሞተ» አሉ በቆሎዎን እየፈለፈሉ። «ሁለተኛውን እያሰብንበት ነው።»

ዳንማያ ስለ ዝናብ የተነገራት ያህል ራሷን ነቀነቀች። «ጥሩ ነው። ገና ልጅ ናት።»

መንገዱ ተጠርጎ እስከ ፖክሃራ ከተማ ትከሻችን እየተነካካ ሄድን፤ እኔ ግን ወደ እርስዎ ዞሬ አላየሁም። የኒሜሽን ስም እንደ ተከፈለ ዕዳ የዘጉት መሰለኝ። ምን ያህል እንደተቀየምኩዎት ያን ጊዜ ቢያውቁ ኖሮ፣ ባ፣ በማግስቱ ጀልባ ላይ አብረውኝ የሚወጡም አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፖክሃራ ደመና ተከናንባ ነበር። ተራራው ያለበትን አቅጣጫ እንኳ ጠይቀን ነው ያወቅነው። በከተማዋ ሐይቅ መካከል ወዳለው ቤተ መቅደስ በጀልባ እንሂድ አሉ፤ ጀልባው ለሁለትም ለአራትም ዋጋው ያው ነው ብለው ደግሞ ከካንፑር የመጡ ባልና ሚስት አስገቡ። ቋንቋችንን ጉጅራትኛን አይሰሙም፤ ያንንም እርስዎ አስቀድመው አረጋግጠዋል።

«ተቀይመሽኛል» አሉኝ ጀልባው ከዳር ሲርቅ።

«በማያውቁን ሰው ፊት ለምን እንደዚያ ይላሉ?»

«በሚያውቁን ሰው ፊት ማለት ስለማልችል ነዋ። ባቭናጋር ውስጥ ግድግዳው ሁሉ ዘመድ ነው። አንቺን ብቻሽን ለማግኘት ድንበር መሻገር ነበረብኝ። በዚህ ወራት ተራራ እንደማይታይ እኔ የማላውቅ ይመስልሻል?»

እጅዎን ውሃው ውስጥ ነከሩ።

«ያ የሥዕል አስተማሪ ቤት መጥቶ ነበር» አሉ። «አንቺ ሳትኖሪ።»

ኬዩር? አስተማሪዎች ክፍል ስገባ ወንበሩን የሚለቅልኝ፣ ከደህና አደርሽ ያለፈ ነገር ተናግሮኝ የማያውቅ ኬዩር? «ምን ብሎ?»

«መጀመሪያ ውሃ ጠየቀ። ላብ አጥምቆት ነበር። ከዚያ ልጅዎን ይስጡኝ አለኝ። ምራትዎን አላለም፤ ልብ በዪ። ምራትዎን ቢለኝ ኖሮ በመጥረጊያ ነበር የማባርረው።»

«እኔ እርስዎ ጋ ያለሁት ወድጄ ነው፣ ባ።»

«አውቃለሁ። ለዛ ነው የከበደኝ።»

«እርስዎንስ ማን ያይዎታል?»

«ሂቴሽ አለ። ጃግሩቲም ምላሷ ነው እንጂ እጇ ክፉ አይደለም።»

«ኒሜሽስ?»

እዚህ ላይ ድምፅዎ ተሰበረ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በሞተበትም ዕለት አላለቀሱም ነበር። «ለኒሜሽ እኔ አለሁለት። የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ልርሳውስ ብል ይረሳኛል? አንቺን እንደ ሐውልት ቤቴ አቁሜሽ ነው እንዴ ልጄን የማስበው? ትስቂ ነበር እኮ። ኒሜሽ የወደደሽ በሳቅሽ ነው። ደረጃ ላይ ስትወጪ ትንፋሽሽን እንኳ የምትደብቂ ሰው ሆንሽ።»

የካንፑሯ ሴት እንባዎን አይታ ደነገጠች። «እናታችን ፈሩ እንዴ? ጀልባው አይገለበጥም፤ አይዞዎት» አለችዎት በሂንዲ።

ፊትዎን በሳሪዎ ጫፍ ጠርገው «አልፈራሁም» አሏት። «ልጄን ልድር ነው።»

ባልና ሚስቱ ተደስተው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ፤ ከቦርሳቸው ጣፋጭ አወጡ። ቀዛፊውም ደረሰው።

«እኔ እኮ እሺ አላልኩም» አልኩዎት በጉጅራትኛ።

«ታዲያ እምቢ በያ።»

አላልኩም። ጣፋጩን አፌ ውስጥ አድርጌ ቀረሁ።

ቤተ መቅደሱ ስንደርስ ተንበርክከው ለቦታዋ እንስት አምላክ የነገሯትን ሰምቻለሁ። «የተሳልኩት ለፓሹፓቲናት ነበር። ካትማንዱ ድረስ ግን ትኬቱ ተወድዷል፤ አንቺ ጎረቤቱ ነሽና ምስጋናዬን አድርሺልኝ» አሉ። ከጀርባዎ ቆሜ በረጅሙ ሳቅሁ። ዘወር ብለው ሲያዩኝ የነበረውን ፊትዎን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የቀረውን ያውቁታል። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ሂቴሽ ለአንድ ወር አኮረፈ፣ እርስዎም እንደ እናት ሆነው እጄን በኬዩር እጅ አስያዙ። የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ የዚያን ቀን ጃግሩቲ ወጥ ቤት ጎትታ አስገብታኝ መበለት የማታደርጋቸውን የራሷን አረንጓዴ አምባሮች እጄ ላይ አጠለቀችልኝ።

ከዚያ ጣቢያው ላይ ያን ትእዛዝ ሰጡኝ። «አዲስ ቤት ሁለት አማት አይችልም። አንዷ እንድትወድሽ ሌላዋ ዞር ትበል» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። እዚህ ቤት ስምዎን አላነሳሁም።

አሁን ምክንያቴን ልንገርዎ። አርግዣለሁ፣ ባ። ሰባተኛ ወሬን ልይዝ ነው። ባለፈው ሳምንት ራሚላቤን አተር እየፈለፈሉ፣ «የሰባተኛ ወሩን ሥርዓት እንፈጽምና እንደ ደንቡ ለመውለድ ወደ እናትሽ ቤት ትሄጃለሽ። ሰው ልልክባቸው፣ የት ናቸው?» አሉኝ።

የወለደችኝ ገና ጡት ሳልተው እንደሞተች ያውቃሉ። «እናት የለኝም» አልኳቸው።

አተሩን አስቀምጠው አዩኝ። «እናት የሌላት ሴት እንዲህ አድርጋ የአብሽ ቂጣ አትጋግርም። ማነው ያስተማረሽ?»

«ባ ናቸው። የመጀመሪያው ባሌ እናት።»

«ሞተዋል?»

«ኧረ በሕይወት አሉ።»

«ታዲያ ለምን ትዋሺኛለሽ?» አሉና ወደ አተራቸው ተመለሱ። ቀና ሳይሉም፣ «ጻፊላቸው። እኔ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የወለድኩት፤ አራስ አርሼ አላውቅም። አንቺን እያረሱ እኔንም ያስተምሩኝ» አሉ።

እኔ ስምዎን ያላነሳሁት እንዳይከፋቸው ብዬ ነበር። እርስዎም ዞር ያሉት ለዚያው ነበር። ሁለታችንም ራሚላቤንን አላወቅናቸውም።

ስለዚህ የሆሊ በዓል ግርግር ሲያልፍ እመጣለሁ። ኬዩር ያደርሰኛል፤ ራሚላቤን ደግሞ የመውለጃዬ ቀን ሲቃረብ ይከተላሉ። እስከዚያው ጉልበትዎን በሞቀ ዘይት ያሹ፤ ደረጃውን ሲወርዱ ለጃግሩቲ እጅዎን ይስጧት።

ፈቃድዎን እየጠየቅሁ አይደለም፣ ባ። ወደ እናቷ ቤት ለመውለድ የምትሄድ ሴት አስፈቅዳ አታውቅም። መቼ እንደምመጣ ብቻ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ኬትኪ