የዐሥር ቁጥሯ እናት

ቅዳሜ

ተሸነፍን። በሦስት ነጥብ። ባላራት ከተማ ድረስ ሄደን፣ እግሬ እስኪደነዝዝ ጭቃ ላይ ቆሜ ውዬ፣ በሦስት ነጥብ።

ሽንፈቱስ ይሁን፤ ያለ ነው። ያበሸቀኝ ልጄ ሜሮን ከኔ ጋር አለመመለሷ ነው። «ታየርድ ነኝ ማሚ» ብላኝ ከቡድኑ ጋር በባስ ሄደች። ፊቷን እንኳ ወደኔ አላዞረችም። ይሄ ሆኖ አያውቅም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከራግቢ ጨዋታ በኋላ ሁሌ አብረን ነን። እሷ ትነዳለች፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ መኪናውን ከማስነሳቷ በፊት ዞር ትልና «እሺ፣ ምን አየሽ?» ትለኛለች። በአማርኛ። እቤት በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ይቺን ጥያቄ ግን ራሷ ጀምራ በአማርኛ ነው የምትጠይቀኝ። ከዚያ ሰፈራችን ብሬብሩክ እስክንደርስ አፋችን አይዘጋም። ሌላ ቀንማ ምን አለን? «በላሽ?» «የስ።» «ነገ ሺፍት አለሽ?» «ኖ።» በቃ፣ ይሄው ነው።

ስለዚህ በጋሼ ታደሰ መኪና መጣሁ። ጋሼ ታደሰና ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ መጀመሪያ ላይ ብቻዬን እንዳልቆም ብለው ነበር የሚመጡት፤ አሁን ከኔ ብሰው ዳኛ ይሰድባሉ። ከኋላ ደግሞ ዳዊት አለ። ኢንጂነር ነው፣ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ፤ የራግቢን ሕግ ከስልኩ አንብቦ ለኛ የሚያስረዳ እሱ ነው።

መንገዱን ሙሉ ማን ይውጣ፣ ማን ይግባ ሲሉ መጡ። ነፋሱን ወቀሱ። ዳኛውን ወቀሱ። የቀኝ ክንፏን ልጅ «እሷማ ተጠባባቂም አይገባት» አሉ። ሣሩ ሳይቀር ጥፋተኛ ሆነ። ዐሥር ቁጥርን ግን ማንም አላነሳም። ዐሥር ቁጥር ማለት ኳሱ ሁሉ በእጇ የሚያልፍ፣ ይመታ፣ ይቀበል፣ ይሮጥ የምትል ልጅ ናት። እና ዐሥር ቁጥር ሜሮን ናት፤ እናቷ ደግሞ እዚያው ፊት ወንበር ላይ፣ ጀርባው ላይ 10 የተጻፈበት ጃኬት ለብሳ ተቀምጣለች። ማን ይናገራል?

እኔ ግን አይቻለሁ። በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ልጆች በግራ በኩል ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ ሜሮን ኳሱን አቅፋ ሰው መሀል ገባች። አስጣሏት። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ደገመችው። እነሱም አይተዋል። ሲያዩ አይቻቸዋለሁ።

ሜልተን ስንደርስ አላስቻለኝም። «እኔ አሰልጣኝ ብሆን ሜሮንን ከዐሥር ቁጥር አነሳት ነበር» አልኩ። «ከኋላ፣ ዐሥራ አምስት ቁጥር ትሁን። ሯጭ ናት፣ ሰው ማሰለፍ የሷ አይደለም።»

እትዬ አልማዝ አማተቡ። ከዚያ ሦስቱም እኩል ጀመሩና እቤቴ በር ድረስ ሜሮንን ሲያወድሱ መጡ። እንዲህ ያለ ውዳሴ በልደቷም ቀን አልሰማሁም።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ክፍሏን ዘግታ ስልክ እያወራች ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ ዝም አለች።

ምሳ ላይ ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆንሽ ስላት «ነቲንግ»። ቆይታ፣ ሳህኗን እያየች፣ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት አልጫወትም አለች። እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለስኩት።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ የተናገርኩት ጆሮዋ ደርሷል። ማን ነገራት? እትዬ አልማዝ አይደሉም፣ ምሥጢር ያውቃሉ። ጋሼ ታደሰ ከሷ ጋር እንግሊዝኛ ሲጀምሩ ይጠፋባቸዋል። ዳዊት ነው። ወይም ማንም አይደለም፣ እንዲሁ ገብቷታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ። የገዛ እናቷ በሰው መኪና ውስጥ «ትነሳ» ስትል የሰማች ልጅ ምን ይሰማታል? ይሄ ራግቢ ቢቀር እኔና እሷ ስለ ምን እናወራለን? እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ሌላው ሁሉ ይቅር።

ሰኞ

የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ኩሽና ውስጥ ዛሬ ሾርባውን ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት። አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው የወደዱት።

ዳዊት ቴክስት አደረገልኝ። ሲና ቅዳሜ ዐሥር ቁጥር ላይ ኤሚን ልታሰልፍ ነው የሚል ወሬ ሰምቷል። ሲና አሰልጣኟ ናት። ኤሚ ደግሞ ያቺ ቀጭኗ ልጅ፣ ነፋስ ይወስዳታል እያልን የምንስቅባት። ሜሮንስ? አሰላለፉ ሐሙስ ሲወጣ ነው የሚታወቀው። ከዚያ ቀጠለና «እትዬ የሺ አይዞዎት፣ እየሠራንበት ነው» ይላል።

ምኑን ነው የምትሠሩበት ብዬ ጻፍኩለት።

የቅዳሜውን ካላሸነፍን ዓመቱ አለቀ። ካሸነፍን ግማሽ ፍጻሜ እንገባለን። ሜሮን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆና ዓመቱ ካለቀማ ተመልሳ ጫማውን አታጠልቅም። አውቃታለሁ፣ የአባቷ ልጅ ናት፣ አንዴ ካኮረፈች አኮረፈች።

ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ ጋሼ ታደሰና እትዬ አልማዝ በሬ ላይ ቆመዋል። ጋሼ ክራቫት አድርገዋል። ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ነገ ዌሪቢ፣ ሲና ቤት እንሄዳለን» አሉኝ።

«ለምን?»

«ለሽምግልና ነዋ። ልጅቷ ከቦታዋ እንዳትነሳ። እኔ፣ አልማዝና ዳዊት። ሦስት ሆነናል።»

ሳቄ መጣ፣ ደግሞ ማልቀስም አማረኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የባልና ሚስት ጠብ አይደለም። አሰልጣኝ ዘንድ ሽማግሌ አይላክም።»

«ማን ከለከለ? ሰው አይደለችም?»

«ትነሳ ያልኩትስ እኔ አይደለሁ?»

«እሱማ ለኛ ተጨንቀሽ ነው። በልጄ ምክንያት ተሸነፍን እንዳይሉ ብለሽ። ይሄ እንዳይገባን ነው?»

ይኸው እንግዲህ። እውነት ተናግሬ ትሕትና ሆነብኝ። ሽማግሌ ደግሞ እምቢ አይባል። ቢያንስ እኔ አልገባም አልኩ። «አንቺማ አትገቢም፣ የልጅቷ ወገን ነሽ። መኪና ውስጥ ትቀመጫለሽ» አሉኝ።

ሜሮን ከልምምድ መጥታ ሻወር ወስዳ ተኛች። ልነግራት ነበር። ምን ብዬ? ሽማግሌ ልኬልሻለሁ ልበላት?

ረቡዕ

እንዲያው ከየት ልጀምር።

ዌሪቢ ስንደርስ ጋሼ መኪናውን ከቤቱ ፊት ለፊት ፓርክ አደረጉና ሦስቱ ገቡ። እኔ መስኮቱን ዘግቼ አንገቴን ቀብሬ ቀረሁ። የሚያልፍ ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል።

ውስጥ የሆነውን ዳዊት ነው የነገረኝ። ጋሼ ታደሰ ተቀመጡ ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነዋ። ዳዊት ይሄንን እንዴት ብሎ እንደተረጎመው እሱ ያውቃል። የሲና አባት ግን፣ ሳሞአዊ ሽማግሌ ናቸው፣ ሳይተረጎምላቸው ገባቸው። እሳቸውም ከወንበራቸው ተነሡና ቆሙ። አባቷ ሲቆሙ ሲናም ቆመች። አምስት ሰው ሳሎን መሀል ቆሞ ተፋጠጠ።

ጋሼ ተናገሩ። ልጅቷ አባት የላትም አሉ። ዐሥር ቁጥር ክብሯ ነው አሉ። አጥፍታም ከሆነ በኛ ይሁን አሉ። ሲና እስኪጨርሱ ጠበቀችና «እናቷስ ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀች። እናቷ መኪና ውስጥ ናት ተባለ።

የመኪናው መስኮት ሲንኳኳ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አባትየው ናቸው፣ በዚህ ብርድ ሽርጥ አገልድመው። «እናት መኪና ውስጥ አትቀመጥም» አሉኝ። በዝግታ፣ ግን እምቢ በማይባል ድምፅ። ወረድኩ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ።

ሲና ያንኑ ጠየቀችኝ። ጋሼ ታደሰ በዓይናቸው ዝም በይ ይሉኛል። እኔ ግን ሰልችቶኛል። በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ «ዐሥራ አምስት ትሁን» አልኩ። «እኔ እናቷ ነኝ፣ ዐሥር ቁጥር አይደለችም። ግን ወንበር ላይ አታስቀምጫት። መጫወት ካቆመች እኔና እሷ ወሬ የለንም።» እንባዬ መጣ። አላፈርኩም።

ሲና አባቷን አየች፣ እኔን አየች። «ሜሮን እሁድ ደውላልኝ ነበር» አለች። «ከዐሥር ቁጥር አንሺኝ ብላ የለመነችኝ ራሷ ናት። ወደ ኋላ ልሂድ፣ ያለዚያ አቆማለሁ አለችኝ። ግን ለእናቴ እንዴት እነግራለሁ ብላ አለቀሰች። እናቴ ቁጥሩን ጃኬቷ ላይ አሳትማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ላለ ሰው ሁሉ አውርታለች፣ አሳፍራታለሁ አለች። ለማንም አልነግርም ብዬ ነበር፤ ሽማግሌ ቤቴ መጥቶ ግን ልዋሽ አልችልም። ራሷ እስክትነግርሽ ጠብቂያት።»

ዳዊት ተረጎመው። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በላት እንግዲህ» አሉት ዳዊትን፤ «እኛም የመጣነው ለዚሁ ነው።» ከዚያ ተቀመጡ። ጉዳዩ ተፈጽሟላ።

ምግብ ቀረበ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ዶሮ ቢያቀርቡ እንዴት እንመልሳለን ብለን ስንጨነቅ በትልቅ ሳህን ጎደሬ መጣ። እትዬ አልማዝ ነጩን መረቅ እያዩ ወተት አለው ወይ አሉ። የኮኮናት ነው ተባለ። እንዴት ያለ ምግብ ነው! እትዬ አልማዝ ሁለቴ አስጨመሩ፣ አሠራሩንም ጠየቁ።

ስንመለስ ጋሼ «እውነቱን ልንገርሽ የሺ» አሉኝ፤ «እኔም ካየሁት ቆይቻለሁ።» እትዬ አልማዝም ቆይተዋል። ዳዊትማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አላላችሁም? ምን ብለን፣ አንቺ ፊት? እነሱ ለኔ ብለው፣ እሷ ለኔ ብላ። አማርኛውን አላወረስኳትም እያልኩ ስቆጭ፣ ይሉኝታውን አሳምሬ አውርሻታለሁ።

ሐሙስ

አሰላለፉ ወጣ። 10 ኤሚ። 15 ሜሮን። ዳዊት፣ ጋሼ ታደሰና እትዬ አልማዝ ተራ በተራ ላኩልኝ፣ ስልክ የሌለኝ ይመስል።

ሜሮን አልነገረችኝም። ማታ ራት ላይ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተችና ውኃ ጠጣች። እኔም ላግዛት ፈልጌ አልሆነልኝም። ሲና ጠብቂ ብላኛለች። እየጠበቅሁ ነው፤ ጥበቃ ግን ተፈጥሮዬ አይደለም።

ዓርብ

ሺፍቴ እስከ ምሳ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ማሪቢርኖንግ ወረድኩ፣ ጃኬቱን ያሳተምኩበት ሱቅ። ልጁ ዜሮውን ማንሣት ይቻላል፣ አዲስ ቁጥር ግን ሳምንት ይፈጃል አለኝ። ዜሮውን ብቻ አስነሳሁ። ነጭ ጨርቅ ገዛሁ፣ መጣሁ፣ 5 ቆረጥኩ፣ በእጄ ሰፋሁት። መነጽሬን አድርጌም ክሩ አልታዘዝ አለኝ። ፊተኛው 1 ግን አልተነካም፣ ተመስገን።

ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄዋለሁ። እሷ ካልነገረችኝ ጃኬቱ ይናገር።

ቅዳሜ

ጠዋት ከኔ ቀድማ ወጣች። «ሲ ዩ ዜር» አለችኝ፣ በሩን እንደያዘች ትንሽ ቆመች፣ ሄደች።

ሜዳ ስንደርስ ካፖርቴን ከላይ ደርቤ ነበር። ልጆቹ ሲገቡ አወለቅሁና ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ቆምኩ። ጋሼ ታደሰ «ምን ሆነሻል፣ ጨዋታው በዚያ በኩል ነው» አሉኝ። ዞሬ ሳይ ሜሮን ከኋላ ብቻዋን ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ትሳቅ ታልቅስ ከሩቅ አልለየሁም። የመጀመሪያዋ ኳስ ከሰማይ ስትመጣ ገና ወደኔ እያየች ነበር። ጣለቻት።

ከዚያ በኋላ ግን አንድም አልጣለችም። ኤሚ፣ ያቺ ነፋስ ይወስዳታል ያልናት፣ ኳሱን ወደ ግራ እንደ ደብዳቤ ታደርስ ነበር። ሊያልቅ ሲል ሜሮን ከኋላ ተነሥታ ሮጠች፣ አንዷን አለፈች፣ ሁለተኛዋን ገፍታ አለፈች፣ መስመሩ ላይ ኳሱን ይዛ ወደቀች፤ በራግቢ ጎል ማለት ይሄ ነው። አሸነፍን። እትዬ አልማዝ የማያውቁትን ሰው አቀፉ። ጋሼ ታደሰ ለዳዊት «ሽማግሌ የገባበት ነገር እንዲህ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ይበሉ፣ አልከራከርም።

መኪናው ውስጥ ገባን። ጭቃ በጭቃ ናት፣ ወንበሩን አበላሸችው። ቁልፉን አወጣች።

ዞር አለች። «እሺ፣ ምን አየሽ?»

«የመጀመሪያዋን ኳስ ጣልሽ» አልኳት።

«ዩር ፎልት» አለች። ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗ ሞላ። ጃኬቴን ከትከሻዬ በኩል ጎትታ አየችና፣ ቃሉን እየፈለገች፣ በአማርኛ «አምስቱ ጠማማ ነው» አለችኝ።

እስከ ብሬብሩክ አወራን። ደርሰንም አልወረድንም፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ቀጠልን። እሁድ ማን ጋ እንደደወለች ነገረችኝ። አልሰማሁም ብዬ አዲስ ወሬ እንደሚሰማ ሰው አዳመጥኳት። ጎደሬውን በኋላ እነግራታለሁ።

ግማሽ ፍጻሜው በሳምንቱ ነው፤ እንደገና ባላራት፣ እንደገና እነዚያው ልጆች። እናሸንፍ አናሸንፍ አላውቅም። ሜሮን ግን በባስ አልመለስም ብላለች።