ወደብ የቀረችው ሰርጓጅ መርከብ

ስቶክሆልም፣ ጥቅምት 1998

ወንድሜ ሙሄ፣ አሰላሙ አለይኩም። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ፣ ቴንስታ የሚባለውን የልጄን ሰፈር ፎቅ ደረጃ ሳላርፍ እወጣለሁ፣ ይህንንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ፖስታ ካርዱ ላይ የምታያት የጀርመን የመጀመሪያዋ ባሕር ሰርጓጅ የጦር መርከብ ናት። ልጄ ሙፈሪሃት እዚያው ጀርመን አገር ሙዚየም ድረስ ወስዳ አሳየችኝ። «በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስንት መርከብ አሰመጠች?» ብዬ አስጠየቅኩ። አስጎብኚው ሳቀ። ጦርነቱ ሲመጣ ጊዜ አልፎባት ነበርና ወደብ ቀርታ ወጣት መርከበኞችን አስተማረች አለ። ሙፈሪሃት ይህን ተርጉማ ስታበቃ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አዩ አባባ፣ ይሄም ዘመቻ ነው። እርስዎም እዚሁ ሆነው ለልጆቼ አማርኛ ቢያስተምሩስ?»

ያን ጊዜ ነቃሁ። ለካ የመመለሻ ትኬቴን «እንዳይጠፋ» ብላ የቆለፈችበት ለዚህ ኖሯል! ፓስፖርቴስ ብላት «ሻይ ይጠጡ» ትለኛለች። እኔም «መርከቢቱ ያስተማረችው ባሕር ውስጥ እየጠለቀች እንጂ ሶፋ ላይ ተቀምጣ አይደለም። እኛም አገር ሽማግሌ የሚያስተምረው እርፍ ጨብጦ ነው» አልኳት። ሻይ ልትቀዳልኝ ተነሳች። ሻይዋንም አላመንኩትም።

ቦታው አለቀ። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ስንዴው ሳይታጨድ እደርሳለሁ፤ ልጄ ዓወል «በአባቴ ፈንታ» ብሎ ለወንፈል ቢመጣ መልሰው። ዕዳዬን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ላንተ የሁለት ቀን አጨዳ፣ ለእነ ሰአዳ የአንድ ቀን ውቂያ፣ ለሟቿ ባለቤቴ ለፋጤ መቃብሯን በድንጋይ ልካብላት የገባሁት ቃል።

ወንድምህ ይመር