ሬዲዮውን ያናገረው የሸማኔ ክር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ላይኛው ሴቻ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ፣ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ ሬዲዮም እጠግናለሁ። ከፊደል ያለፈ ትምህርት የለኝም። ልጄ አስቴር ግን ትናንት "አባዬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ በቃ ሱቁን ዝጋ" አለችኝ። መልሱን እጄ ይስጣት ብዬ ዛሬም ሱቄን ከፈትኩ።

ዛሬ የዶርዜው ሸማኔ ለጥገና የሰጠኝን የሟች አባቱን ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ሊወስድ መጣ። ድምፁን መልሼለታለሁ። መዘውሩ ላይ ተጠምጥሞ የጣቢያውን መርፌ የሚጎትተው ክር ግን ተበጥሶ ነበርና በዓሣ አጥማጆች ናይለን ተካሁት። ቁልፉን ሳዞር ናይለኑ ይንሸራተታል፣ መርፌው ንቅንቅ አይልም። አራት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት።

ሸማኔው ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ናይለን እኮ ዓሣ እንጂ መዘውር አይይዝም!"

"አንተ ሸማህን ሥራ!" አልኩት ተናድጄ።

እሱ ከኪሱ የጥጥ ፈትል አወጣ፣ ሦስት ክር አንድ ላይ ገመደ፣ ሰም ቀባው። ማሰሩን ለእኔ ተወልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ቢሆንም በአንድ ጊዜ አሰርኩት። መርፌው ሄደ። ሬዲዮው ተናገረ። ሸማኔው "አባቴ ቤት የገባ መሰለኝ" ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ስንት ዓመት ሠርቼ ዛሬ ከሸማኔ ተማርኩ። አላፈርኩም፤ እንዲያውም ኮራሁ።

ሱቁ አይዘጋም። ዕዳ አለብኝ፣ የምከፍለውም ራሴ ነኝ። ጥገና የሚጠብቅ የላንቴ መንደር ገበሬ ቴፕ አለ። የጎረቤቴ የሸክላ ማጫወቻ አለ። የሟች ባለቤቴም ሬዲዮ አለ፤ የውስጥ ዕቃውን ፈትቼ ለሰው ሬዲዮ ሳደርገው "እመልስልሻለሁ" ያልኳት።