ባላምባራስ አዞ ጾም የማይፈቱበት ምክንያት ይገለጽልን ዘንድ

ለክቡር አቶ ስምዖን መልአኩ
የምቡኒ የልጆች ቴሌቪዥን የፕሮግራም ኃላፊ
ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሩንዳ ያለው ግቢዎ፣ የግቢዎ ሣር፣ ሣሩን የሚያጠጣው ሰው ሳይቀር ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴና ከእርስዎ ጣቢያ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ስሜ ባንታየሁ ይርዳው ይባላል። ኪሌሌሽዋ፣ ከሴት ልጄና ከልጅ ልጄ ጋር ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። እኔ ስናገር የምትጽፈው ከፊት ለፊታችን በር ያለችው ጎረቤታችን እታገኘሁ ናት። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ስትጽፍ የምትውል ሰው ስለሆነች ቃሌን ሁሉ ማለስለስ ትወዳለች፤ አሁንም «ቅር ተሰኝተናል» እንበል እያለችኝ ነው። እኔ ቅር አልተሰኘሁም፤ ተናድጃለሁ። እንደዚያው ይጻፍ ብያለሁ።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ ሌላው አንባቢ እንዳይቸገር ግን ልናገር። ጣቢያዎ ለብዙ ዘመን የአንድ አዞና የአንዲት ፍየል ካርቱን ያሳየን ነበር። ፍየሏ ውኃ ልትጠጣ ወንዝ ትወርዳለች፣ አዞው ሊበላት ይሞክራል፣ አይሳካለትም። አለቀ። ማንም ቃል አይተነፍስም። ከበሮ ይመታል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ አዞው ከዛፍ ላይ ይወድቃል፤ አዞ ዛፍ ላይ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ሰውም አልነበረም።

እነሱ ስለማይናገሩ እኔ እናገርላቸው ነበር። አዞውን ባላምባራስ፣ ፍየሏን ወይዘሮ ሻሼ ብዬ ሰየምኳቸው። ባላምባራስ ወንዙ የአባቴ ርስት ነው ይላሉ፤ ወይዘሮ ሻሼ ርስትዎን መቼ ነካሁ፣ የሚፈሰውን ነው የጠጣሁት ብላ ትመልሳለች፤ እሳቸው ሲዘሉ እሷ ዞር፣ እሳቸው ጭቃ ውስጥ። ቅዳሜ ከሰዓት የሕንጻው የሐበሻ ልጆች ሁሉ እኛ ሳሎን ነበሩ። አማርኛ የማያውቀው የዘበኛው ልጅ እንኳ «ኧረ ባላምባራስ!» ማለት ችሎ ነበር። የልጅ ልጄ አቢግያ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ ደረጃው ላይ ከጓደኞቿ ጋር ስዋሂሊ ነው የምታወራው፤ አማርኛዋን የያዘችው ግን እዚያ ሶፋ ላይ፣ ክንዴ ላይ ተደግፋ ነው። ርስት፣ ግልምጫ፣ ሽማግሌ፣ እፍረት የሚሉትን ቃላት ከባላምባራስ ነው የተማረችው።

እንግዲህ ይህን ነው «ታድሶ ቀርቧል» ያላችሁን። ስለ እድሳቱ የከበረ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። እንስሳቱ ያወራሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፋቸውን አይዘጉም፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአፍንጫቸው። ድሮ ባላምባራስ ከገደል ሲወድቁ ወደቁ ነው። ዛሬ ክሬግ የተባለው አዞ ሊወድቅ ሲል ጫፉ ላይ ይቆምና እታገኘሁ እንደተረጎመችልኝ ስለ መውደቅ ምን እንደሚሰማው ያስረዳል፤ አስረድቶ ሲጨርስም አይወድቅም። ባላምባራስን ሁልጊዜ እርስዎ እላቸው ነበር፤ ክሬግን ግን አንተ እለዋለሁ፣ ይቅርታዎን።

ሁለተኛ። ጥርሱን ምን አደረጋችሁት? የድሮው ጥርስ እንደ ሰበዝ በየአቅጣጫው የወጣ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር የተኳረፈ ነበር። የዛሬው የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ከምትስቀው ልጅ የተበደራችሁት ይመስላል። ወይዘሮ ሻሼንም ጎጎ ብላችሁ መነጽር አድርጋችሁላታል፤ ፍየል ምን ልታነብ ነው? ይባስ ብሎ አሳዳጅና ተሳዳጅ ተሻርከው ወንዙ ዳር የጭማቂ ቤት ከፍተዋል። በዚህ ከተማ የንግድ ፈቃድ እንዲህ በአንድ ቀን የሚሰጥበትን ቢሮ ቢጠቁሙን ብዙ ሰው ይመርቅዎታል።

ሦስተኛ። ይህን ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። አዲሱ ፊልም የጀመረው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አዞው ቁጭ ብሎ ጎመን ሲበላ አየን፤ ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እንግሊዝኛውን አላውቀውም፤ ወሩን ግን አውቃለሁ። «ባላምባራስ ሁዳዴን ይዘው ነው» አልኳቸው። ደስም አለኝ፤ እንዲያ ያለ ነጣቂ እንኳ ጾመ ብዬ። ካሮት በላ፤ ጾም ነው አልኩ። ባቄላ በላ፤ ጾም ነው አልኩ። ፍየሏን አቅፎ አለቀሰ፤ በጾም መታረቅ ያለ ነው አልኩ። ልጆቹ መሰልቸት ሲጀምሩም ቃል ገባሁ፤ ቆዩ፣ ፋሲካ ይድረስ፣ ያን ጊዜ ወይዘሮ ሻሼ እግሬ አውጪኝ ስትል ታያላችሁ አልኳቸው።

ፋሲካ ደረሰ። በሳምንቱ ቅዳሜ ልጆቹ ታናናሾቻቸውን ሁሉ አስከትለው መጡ፤ ሳሎኑ ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ የቆመ ነበር። አዞው ብቅ አለ። ሳህን ይዟል። ሳህኑ ላይ ሰላጣ አለ። እኔም የመጨረሻ መከላከያዬን አቀረብኩ፤ ከጾም በኋላ ሆድ ባንድ ጊዜ ሥጋ አይችልም፣ እያለማመዱት ነው አልኩ። ያን ጊዜ አቢግያ እጄን ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ፣ «ባቡ፣ ጾም አይደለም እኮ። ቪጋን ነው። ፈርስት ኤፒሶድ ላይ ተናግሯል» አለችኝ። ባቡ በስዋሂሊ አያት ማለት ነው፤ ቪጋን ደግሞ ጾም ሆነ ፋሲካ ሥጋና ወተት የማይቀምስ ማለት ነው አሉኝ፤ ይህንንም በመጀመሪያው ክፍል ተናግሮ ኖሯል። ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «ደስ ብሎህ ስታወራ ነበራ» አለች። የዘበኛው ልጅ ደግሞ ከኮሪደሩ «ሙዎንጎ!» ብሎ ጮኸ፤ ውሸታም ማለቱ ነው። አልፈርድበትም፤ ታናሽ እኅቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ነው ያመጣት።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አይመጡም። አቢግያ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ግን ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ በታብሌት ነው የምታየው። ምን ሆኑ ስላት ማዳመጫውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ «ተጣሉ» ትለኛለች። ጥቂት ቆይታ «ታረቁ» ትለኛለች። እኔ የምተርክላት ሰውዬ አሁን እሷ የምትተርክልኝ ሆኛለሁ፤ ያውም አንድ አንድ ቃል፣ እንደ መድኃኒት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቼ እንደ ቀድሞው ልተርክም ሞክሬአለሁ። ምን ዋጋ አለው? ድምፁ ሲዘጋ ሁለት እንስሳት ቆመው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሚሮጥ የለም፣ የሚወድቅ የለም። የቆመ ነገር እንዴት ይተረካል?

አራተኛውን ረስቼዋለሁ። እታገኘሁ ቁጥሩን እናስተካክል ትላለች፤ አይስተካከል፣ ባስታወስኩ ጊዜ ቦታው ባዶ ሆኖ ይጠብቀኝ።

አምስተኛ። የተቀየምኩት እኔ ብቻ እንዳልመስልዎ። ወይዘሮ ምርቃት ፓርክላንድስ ባለው ምግብ ቤታቸው ቴሌቪዥኑን ከፍተው ሳለ፣ ክሬግ ሥጋ የሚበላ ሰው አስቀድሞ የእንስሳውን ዓይን ይመልከት እያለ ሲሰብክ ተሰማ። የተረጎመልን ሚልኬሳ የሚባል የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው፤ ተርጉሞ ሳይጨርስ የጠቀለለው ጥብስ እጁ ላይ ቀረ። «ምን አፍጥጦ ያየኛል ይሄ?» አለ። ወይዘሮ ምርቃትም «ዓይኑን አላቀረብኩልህ፤ ዝም ብለህ ብላ!» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሚልኬሳ ግን ሽሮ አዘዘ። ወይዘሮ ምርቃት ወዲያው ጣቢያዎን ዘግተው ኳስ ከፈቱ።

የወደዱት የሉም ብዬ አልዋሽም። ይህችው የምትጽፍልኝ እታገኘሁ ትወደዋለች፤ ልጆችን መልካም ጠባይ ያስተምራል ትላለች። ጻፊው አልኳት፣ በደስታ ጻፈችው። እኔ ጠባይ አይማሩ አላልኩም። ጠባይ የሚያስተምር አባት፣ እናት፣ መምህርና ቄስ አላቸው፤ ከዛፍ የሚወድቅ አዞ ግን አንድ ብቻ ነበራቸው።

ባለፈው ወር ይህን ሁሉ በቃሌ ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ስብሰባ ላይ ነዎት አሉኝ። ቆየሁ፤ አሁንም ስብሰባ ላይ ነዎት አሉኝ። በመጨረሻም የክሬግ ሥዕል ያለበት ኮፍያ ሰጥተው በትሕትና ሸኙኝ። ስለ ስጦታው አመሰግናለሁ። ለራሴ ጠቦኛል፤ እዚያ ቢሮ ለሚሠራ ጭንቅላት ግን ልክ መሆን አለበት።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ቀላል ነው። ክሬግን አባሩት አልልም፤ ጭማቂውን ይሽጥ፣ አልመቀኘውም። ቅዳሜ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ብቻ የድሮውን፣ የማይናገረውን ያሳዩልን። አቢግያ እያደገች ነው፤ ጥቂት ዓመት ቆይታ ሶፋው ላይ ከእኔ ጋር መቀመጥ ያሳፍራታል፣ ያም ደግ ነው፤ ልጅ እንዲያ ነው። እስከዚያው ላለችው ዕድሜ ግን የማወራላት ነገር ይተዉልኝ። ይህ ደብዳቤ በወይዘሮ ምርቃት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይና በማኅበራችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ስለሚወጣ፣ ደረሰኝ አልደረሰኝም ብለው እንዳይጨነቁ በትሕትና አሳስባለሁ።

ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ፣ ስብሰባዎንም እንዲያሳጥርልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ለመንሳት ጉልበቴ ባይፈቅድልኝም እንደነሳሁ ቆጥረው ይቀበሉኝ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ባንታየሁ ይርዳው
ፊርማዬ ከታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ የጨቀየው በቁጣ ስለተጫንኩት ነው።

ማስታወሻ፦ እናትዎ ወይዘሮ ብዙነሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እርስዎ ቤት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አዲሱን ፊልም በየሳምንቱ እንደሚያዩ ነገሩኝ። ይወዱታል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ ምኑን አውቄው? ልጆቹ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ» አሉኝ። እንዳልነግርዎ አደራ ብለውኛል። አደራቸውን ጠብቄአለሁ፤ ለእርስዎ አልነገርኩም፤ የነገርኩት ለሕዝብ ነው።