ጥቁር ሰሌዳችንን ለያዘው የመፈክር ኮሚቴ

ለተከበሩት የከተማችን መፈክር መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የኮሚቴው አባላትስ ወገባቸው፣ ጉሮሯቸው፣ የተቀመጡበት ወንበር ጭምር ደህና ነው? አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር መምረጥ እንኳን ሰውን ወንበርንም ያደክማልና ሁላችሁንም ጤና ይስጥልኝ።

እኔን ባያውቁኝ አይፈረድብዎትም፤ የእጄን ሥራ ግን ያውቁታል። በከተማዋ መግቢያ ባለው ረጅም ግንብ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መፈክር የጻፍኩት ቀለም ቀቢ እኔ ነኝ። የጻፍኩትም ማንበብ ሳልችል ነው። ከቢሮዎ ወረቀት ይመጣልኛል፤ ግንቡን በገመድና በጠመኔ በካሬ በካሬ እከፋፍልና ፊደሉን አንዱን እንደ ወንበር፣ ሌላውን እንደ ጎባጣ ሽማግሌ እያየሁ እስለዋለሁ። አንድ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያረፈችውን የሻይ ጠብታ ፊደል መስላኝ የበርሜል ያህል አግዝፌ ስያት ነበር። የዚያን ጊዜው ሹም መጥተው መርቀው፣ አጨብጭበው ሄዱ።

ዘንድሮ ግን የማታ ትምህርት ገብቼ ከሠላሳ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው ጫማ ሰፊ በፈተናው ቀን መነጽሬ ተሰብሮብኝ ነው እያለ ያወራል፤ የሰበርኩበት እኔ አይደለሁም። ይህን ደብዳቤም ያለማንም እርዳታ ስለጻፍኩት እባክዎ ውበቱን ልብ እያሉ ያንብቡልኝ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ለአንድ ሳምንት ብቻ ብላችሁ የመማሪያ ክፍላችንን ስለወሰዳችሁልን እናመሰግናለን። በማዘጋጃ ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ያለው ክፍል እሱ ብቻ ነውና ምርጫችሁ ትክክል ነበር። መሰላሌን አስጠግቼ በመስኮት እንዳየሁት፣ ሰሌዳውን በአርባ ሁለት መፈክር ከዳር እስከ ዳር ሞልታችሁ ጥጉ ላይ «አይጠፋ» ብላችሁ ሁለት ጊዜ አስምራችሁበታል። ቁጥር ሰባትና ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ቃል በቃል አንድ ናቸው፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ አለው። በዚህች ቃለ አጋኖ ብቻ ሁለት ሳምንት እንደተሟገታችሁ ዘበኛው ነግሮኛል። ቁጥር ሠላሳ አራት ደግሞ «ለመማር የማይረፍድባት ከተማ» ይላል። ይህን ያሰቡትን አባል አደንቃለሁ፤ የኛን በር ቆልፎ ይህን መጻፍ ደረቅ ዓይን ይጠይቃል።

፪ኛ. ቁልፉን ልንጠይቅ በመጣን ቁጥር ዘበኛው ቁልፉ ስብሰባ ላይ ነው ይለናል። ቁልፍ የሚሰበሰብበት ከተማ ውስጥ በመኖሬ ኮርቻለሁ። መምህራችን ተስፋ ሳይቆርጡ ኮሪደሩ ላይ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ማስተማር ቢጀምሩ፣ ጸሐፊዎ ወጥታ የተማሪው ድምፅ የኮሚቴውን ሐሳብ እየበተነ ነው አለችን። በትነንባችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ የሚበተን ነገር እንዳለ አላወቅንም ነበር።

፫ኛ. ይህኛው የቤቴ ጉዳይ ነው። እኔና ባለቤቴ ተራ ገብተን ነበር የምንማረው፤ አልጋ የያዙት እናቷ ብቻቸውን አይተዉምና መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥላ እሷ። እሷ ገብታ «ነ» ላይ ስትደርስ በሩ ተዘጋ። እንድትማር የፈለገችው ሩቅ ያለችው እህቷ የምትልክላትን ደብዳቤ ራሷ ለማንበብ ነው። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የማነብላት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እህቷ ስለኔ የምትጽፈው ቦታ ላይ ስደርስ ያስለኛል፤ ሳሉ ሲያልፍልኝ ደግሞ ሁለት መስመር አልፌ እገኛለሁ። ባለቤቴ ወረቀቱንና አፌን በየተራ ታያለች። እርስዎ በሩን ሲቆልፉ በእኔ ላይ የሚመጣውን መዓት አዘገዩልኝ፤ ለእኔስ ይመቸኝ ነበር። ግን ፊደሉን ከምትፈልግ ሴት አጠገብ ለአሥራ አንድ ሳምንት የተኛ ሰው ጥቅሙን ይረሳል። ደብዳቤው ሲመጣ እጇ ውስጥ አገላብጣ አገላብጣ፣ ከዚያ ለእኔ ስትሰጠኝ የምታሳየኝን ፊት እርስዎ አንድ ቀን ቢያዩት ቁልፉን በጥርስዎም ቢሆን ያመጡት ነበር።

ታዲያ ምን አደረግን መሰለዎት? አዲሱ መፈክር በሳምንት ውስጥ ይደርስሃል፣ ግንቡን ነጭ ቀብተህ ጠብቅ ብላችሁኝ ነበር። ቀባሁ፤ ጠበቅሁ። እንደዚያ ያለ ሰፊ ሰሌዳ በሀገሩ የለም። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ መምህራችን ከሰል ይዘው ግንቡ ሥር ያስተምራሉ፤ ሠላሳ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይማራል። አማቴንም ተራዬ ስለሆነ እኔ እጠብቃለሁ።

ለተዋበው ትዕግሥትዎ፣ ለረጅሙ ስብሰባዎና ለአጭሩ ሐሳብዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የመግቢያው ግንብ ቀለም ቀቢ፣ በማታው ትምህርት አንደኛ የወጣሁት

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ትናንት በራሷ እጅ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ግንቡ ላይ ጻፈች፤ «ቁልፉን መልሱ»። «ፈ» ገና ያልደረሰችበት ፊደል ስለሆነ ለዚሁ ስትል ተራ ዘላ ተማረችው። እያንዳንዱ ፊደል ቁመቱ የሰው ቁመት ያህላል፤ ከሩቅ የሚመጡ መንገደኞችም የከተማችን መፈክር መስሏቸው ፎቶ ያነሳሉ። በከሰል እንድትጽፈው አስቤ ነበር፤ እሷ ግን የቢሮዎን የዘይት ቀለም ነው ያነሳችው። በዝናብ እንደማይለቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት እኔ ዋስ ነኝ።