ዛሬ ቤት ያለሽው አንቺ ነሽ

የአክስቴ ልጅ፣

ወጥቻለሁ። ስልኬም ዝግ ነው፣ በመደወል አትድከሚ።

ባለፈው ወር እኔ ሻወር ቤት ሆኜ ስልኬን አንስተሽ ለደንበኛዬ «እሁድም ትሠራለች፣ ቤት ውስጥ ምን ሥራ አላት» ማለትሽን ትናንት ራሱ ነገረኝ። ለካ አራት እሁድ ሙሉ የመጽሐፍ ሽፋን ስሥልለት የከረምኩት በአንቺ ቸርነት ነው! ቢሮ ስለማልገባ ሥራ ፈት እመስልሻለሁ። ልብስሽን ከገመድ የማወርደው እኔ፣ ለመጣው ሁሉ በር የምከፍተው እኔ።

ዛሬ የዓመት ፈቃድሽ የመጀመሪያ ቀን ነው። እንቅልፍሽን ልትጠግቢ እንዳሰብሽ አውቃለሁ።

ቧንቧ ሠሪው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። አጠገቡ ካልቆምሽ ውሃውን ዘግቶ ጥሎሽ ይሄዳል።
አከራያችን በአራት ሰዓት ግድግዳውን ሊያዩ ይመጣሉ። አንዴ ከተቀመጡ እንደማይነሱ ታውቂያለሽ።
ከሰዓት ደግሞ እናትሽ መጋረጃዎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁሉንም ታሳጥሪላቸዋለሽ ብያለሁ።

ማክሰኞ በልብስ ማውረዱ ስለጮኽኩብሽ ይቅርታ።
ስለ ዛሬው ግን አይደለም።

ሦስቱም «ይመቻታል ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር።
«ኧረ ኑ፣ ቤት ውስጥ ምን ሥራ አላት» አልኳቸው።